መካን ዝንብ ለቅቆ የማንጎ ትል ማጥፋት፦ እውነት ነው ወይስ የስብሰባ ወሬ?

ዳሞት_ማንጎ፦

እንዴት ሰነበታችሁ የመድረኩ ሰዎች። ቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ፍኖተ ሰላም አካባቢ ማንጎ አለኝ፣ ጥቂት ዘይቱንም አለ። ማንጎው ከላይ ሲታይ እንከን የለበትም። ሲቆረጥ ትል ነው። ነጋዴው ይመጣል፣ ሁለት ሦስቱን ይሰነጥቃል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ዋጋውን በግማሽ ይጥላል። አንዳንዱ ጭራሽ ሳያናግረኝ ይሄዳል።

መድኃኒት ረጭቻለሁ። ጎረቤቶቼም ረጭተዋል። ገንዘባችን ወጣ እንጂ ትሉ ምንም አልመሰለውም።

ሰሞኑን አንድ ዘመዴ ባህር ዳር ስብሰባ ተካፍሎ መጣና ውጭ አገር ወንዱን ዝንብ በጨረራ አምክነው በሚሊዮን እየለቀቁ ዘሩን ይቆርጡታል ብሎ አወራኝ። ዝንብን በዝንብ! እውነት ነው? እውነት ከሆነ እኛ ዘንድ እንዲመጣ ማንን ነው የምንጠይቀው? መዋጮ ካስፈለገም የሰፈሩ ሰው ዝግጁ ነው። የምታውቁ ንገሩን።

ተጠራጣሪው፦

ይሄ ነው የቀረን። ዝንብ በዛብን ስንል ዝንብ እንጨምርላችሁ ይሉናል። ሃሃሃ። ቀልዱ ይቅርና ጨረራ የነካው ዝንብ ማንጎዬ ላይ እያረፈ፣ ያንን ማንጎ ልጄ እየበላች እኔ ዝም ልል ነው? ሌላ ነገር አምጡ።

እትዬ_ቡሬ፦

ልጆቼ እኔ ቡሬ ገበያ ፍራፍሬ ስሸጥ የኖርኩ ነኝ። ትል ያለበት ማንጎ የገዛ ደንበኛ አይመለስም፣ ቢመለስም ለጠብ ነው። እኔ የምጠይቀው፣ ይቺ የጠላ ጋን አፍ ላይ፣ የበሰለ ሙዝ ላይ እፍ ሲሏት ብትን የምትለዋ ትንኝ ናት ወይ ማንጎውን የምታተላው? እሷ ከሆነች ቤቴ ሙሉ ናት።

ሰብል_ጥበቃ፦

ሥራዬ እዚሁ ሰብል ጥበቃ ላይ ስለሆነ የማውቀውን ልጻፍ። ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እትዬ፣ የእርስዎ የጠላ ጋኗ ትንኝ ሌላ ናት። እሷ የበሰለና የፈላ ነገር ትወዳለች፣ ጤነኛ ማንጎ ወግታ አትገባም። የማንጎዋ ተለቅ ትላለች፣ ወደ ቤት ዝንብ መጠን ትጠጋለች፣ ክንፏ የጠራ፣ ገላዋ ቢጫና ቡናማ የተቀላቀለበት ነው። ቤትዎ ያለችውን ይተዋት።

@ዳሞት_ማንጎ ዘመድህ ልክ ነው። ግን መጀመሪያ መድኃኒቱ ለምን እንዳልሠራልህ ልንገርህ፣ የቀረው ሁሉ ከዚያ ይመጣል። ሴቷ ዝንብ የፍሬውን ልጣጭ ትወጋና እንቁላሏን ከሥሩ ትጥላለች። በአንድ ሁለት ቀን ይፈለፈላል። ትሉ ሥጋውን እየበላ ያድጋል፣ ፍሬው ይወድቃል፣ ትሉ ወጥቶ አፈር ውስጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይገባና ደረቅ ቅርፊት ለብሶ ይተኛል፣ ይሄን ደረጃ ፑፓ ይሉታል። ከዚያ ክንፍ አውጥቶ ይነሳል። አንተ የምትረጨው ቅጠልና ልጣጭ ላይ ነው። እንቁላሉና ትሉ ከልጣጩ ሥር፣ ፑፓው ከአፈር ሥር። መድኃኒቱ የሚያገኘው በራሪዋን ብቻ ነው፣ እሷንም ቢያገኛት ከጎረቤት ሌላ ትመጣለች።

መካን የመልቀቁ ዘዴ በሌላ በር ነው የሚገባው፣ በመራባቱ በኩል። ዝንቡን ፋብሪካ ውስጥ በብዛት ያራቡታል። ፑፓው ዝንብ ሆኖ ሊወጣ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው ኮባልት 60 በሚባል ጨረራ አመንጪ ብረት ወይም በኤክስሬይ ጨረራ ይመቱታል። የሜዲትራኒያን የፍራፍሬ ዝንብ ለሚባለው የማንጎዋ ዘመድ መጠኑ 100 ግሬይና (ግሬይ የጨረራ መለኪያ ነው) ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ወንዱ አይሞትም። ይበራል፣ ሴት ይፈልጋል፣ ይገናኛል። ዘሩም እንቁላሉ ጋ ይደርሳል፣ ነገር ግን ጨረራው ውስጡን ስለሰባበረው ፅንሱ እዚያው ይሞታል። ሴቷ እንቁላል ጣለች፣ ምንም አልተፈለፈለም። መካኑ ወንድ ከዱሩ ወንድ እጅግ በልጦ በየሳምንቱ ሲለቀቅ የዱሯ ሴት ከመካን ጋር የመገናኘት ዕድሏ ይሰፋል፣ ትውልድ በትውልድ ቁጥሩ ይወርዳል።

@ተጠራጣሪው ጥያቄህ ተገቢ ነው። ግን ሆስፒታል ኤክስሬይ ተነስተህ ስትወጣ ጨረራ ይዘህ ቤትህ አትገባም አይደል? ዝንቡም እንደዚያው ነው። ጨረራው አልፎት ይሄዳል እንጂ ውስጡ አይቀመጥም።

የጣና_ልጅ፦

ተሠርቶ ያውቃል ወይ ነው ዋናው ጥያቄ። በወረቀት ላይማ ስንቱ ያምራል።

ሰብል_ጥበቃ፦

ተሠርቷል፣ ለዚያውም ከ70 ዓመት በፊት ጀምሮ። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ሐሳቡ የኤድዋርድ ኒፕሊንግ ነው፣ አሜሪካዊ የነፍሳት ተመራማሪ። ከሬይመንድ ቡሽላንድ ጋር ሆነው የከብት ቁስል ውስጥ ገብቶ ሥጋ በሚበላ ትል ላይ ሞከሩት። በ1954 ኩራሳዎ የምትባል የካሪቢያን ደሴት ላይ በጥቂት ወራት ጠፋ። ከዚያ ፍሎሪዳ፣ ከዚያ ደቡቡ የአሜሪካ ክፍል፣ ከዚያ ሜክሲኮ እያለ እስከ ፓናማ ወረደ። ሊቢያም በ1988 ያው ትል ገብቶባት መካኑን ዝንብ ከሜክሲኮ በአውሮፕላን እያስመጣች በ1992 ነጻ ወጣች።

ፍራፍሬ ላይ ደግሞ የሚገርመው ኦኪናዋ ነው። እዚያ ያለው የሐብሐብና የዱባ ዘር የሚያጠቃ ዝንብ ነበር። በዚህ የተነሳ የደሴቶቹ ሰዎች ምርታቸውን ወደ ዋናው ጃፓን መላክ አይፈቀድላቸውም ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኩሜ በምትባል ትንሽ ደሴት ጀመሩ፣ 1978 ላይ እዚያ ጠፋ፣ ሁሉንም ደሴቶች አዳርሰው ለመጨረስ 1993 ደረሰ። ከ50 ቢሊዮን በላይ መካን ዝንብ ለቀዋል። ቢሊዮን ነው ያልኩት፣ በስሕተት አልጻፍኩም።

ተጠራጣሪው፦

ደሴት፣ ደሴት፣ ደሴት። ዙሪያው ባሕር ነው። ጎጃምን ዓባይ ቢከባት ዝንብ ዓባይን ለመሻገር ድልድይ አይጠብቅም።

ሰብል_ጥበቃ፦

አሁን ቁም ነገሩ ላይ መጣህ። ወደዚያ ልሄድ ነበር። ቆይ ምሳ ልብላ።

ቆላ_ወምበርማ፦

እስኪመለስ እኔ ትንሽ ልበል። እኔ የከብት ሰው ነኝ። ወደ ዓባይ ሸለቆ ስትወርዱ የኛን በሬ የሚፈጀው ገንዲ የሚባለው በሽታ ነው፣ ገንዲውን የሚያመጣው ደግሞ ቆላ ዝንቡ፣ ጼጼ የሚሉት። ይሄ መካን የመልቀቅ ነገር ለሱ አገራችን ውስጥ ተጀምሯል እኮ። አዲስ አበባ ቃሊቲ ለዚሁ የተሠራ የጼጼ ማራቢያና ማምከኛ ማዕከል አለ፣ በፈረንጅ 2007 ተመረቀ፣ የታሰበውም ለደቡብ ስምጥ ሸለቆ ነው። ዛንዚባር ላይማ ጭራሽ ጨርሰውታል። ኡንጉጃ ደሴት ላይ ከ1994 ጀምሮ 8 ሚሊዮን ገደማ መካን ወንድ ለቀው፣ 1997 ላይ ደሴቷ ከጼጼ ነጻ ተባለች።

ጓዴ ተጠራጣሪው ይሄም ደሴት ነው እንዳትለኝ ብቻ። አውቃለሁ።

ተጠራጣሪው፦

ደሴት ነው።

አዲስ_ላይ_ያለ_ጎጃሜ፦

እንግዲያው ቃሊቲ ያለውን ለማንጎውም አያደርጉትም? ማሽኑ አለ፣ ባለሙያው አለ። ሁሌ ከዜሮ መጀመር ለምን?

ሰብል_ጥበቃ፦

ተመለስኩ። @አዲስ_ላይ_ያለ_ጎጃሜ ጼጼና የማንጎ ዝንብ አብረው የሚራቡ አይደሉም። ጼጼ የሚበላው ደም ነው። ደሙን ከቄራ አምጥተው ጀርሙን ገድለው በስስ ሲሊኮን ሽፋን በኩል ያጠጡታል። ሴቷ በአንድ ጊዜ አንድ ልጅ ብቻ ነው የምትወልደው፣ እሱንም ሆዷ ውስጥ አሳድጋ። ስለዚህ ማራባቱ አድካሚ ነው። በሌላ በኩል ዱር ያለውም ቀስ ብሎ ስለሚዋለድ ጥቂት ሚሊዮን መካን ወንድ ይበቃዋል። የማንጎዋ ዝንብ በዕድሜዋ ከ1000 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። እሷን ለመብለጥ በሳምንት ሚሊዮኖች ያስፈልጉሃል። ጓቴማላ ውስጥ ኤል ፒኖ የሚባል የሜዲትራኒያኑ ዝንብ ፋብሪካ አለ፣ በሳምንት ከ1 ቢሊዮን በላይ መካን ወንድ የማምረት አቅም አለው። ልዩነቱን አስቡት።

አንድ የምወደው ነገር ልጨምር። ጼጼ ወንዱም ደም ይመጥጣል፣ ወንዱም ገንዲ ያስተላልፋል። ታዲያ መካኑን ሲለቁት በሽታ እንዳያዛምት አስቀድመው የገንዲ መድኃኒት ያለበት ደም ያጠጡታል። ብልሃት ማለት ይሄ ነው።

እትዬ_ቡሬ፦

ሴቶቹንስ ምን ያደርጓቸዋል? ፋብሪካው ወንድ ብቻ አይወልድ።

ሰብል_ጥበቃ፦

እትዬ የባለሙያ ጥያቄ ነው የጠየቁት። በድሮው ጊዜ ሁለቱንም አብረው ይለቁ ነበር። መካኗ ሴት እንቁላሏ ባይፈለፈልም ፍሬውን መውጋቷ አይቀርም፣ በቀዳዳው ብስባሽ ይገባል። መካኑ ወንድም መካኗን እያሳደደ የዱሯን ይረሳል። ስለዚህ ለሜዲትራኒያኑ ዝንብ ልዩ ዘር አወጡ። የዚህ ዘር እንቁላል 34 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ አንድ ቀን ሲቆይ ሴቶቹ በሙሉ ይሞታሉ፣ ወንዶቹ ይተርፋሉ። የፑፓዋ ቀለም ራሱ ይለያል፣ ሴቷ ነጭ፣ ወንዱ ቡናማ። ከኦስትሪያዋ ቪየና አጠገብ ሳይበርስዶርፍ ያለው የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ነው ይሄን ዘር አሻሽሎ ለዓለም ያደረሰው።

ሌላም ጉድ አለ። ወንዶቹን ከመልቀቃቸው በፊት የዝንጅብል ዘይት ሽታ ያጥኗቸዋል። ዝንጅብል የታጠነው ወንድ ሴት ፊት የተሻለ ተፈላጊ ይሆናል።

እትዬ_ቡሬ፦

እኛም ለሙሽራ እናጥናለን። ቀጥል ልጄ።

ተጠራጣሪው፦

ሰርግ ሆነ እንዴ ነገሩ? ለኔ ግን መልስ አልተሰጠኝም። አንድ፣ ደሴት ያልሆነ ቦታ። ሁለት፣ መካን ናቸው ተብለው ያልመከኑ ቢለቀቁስ? በገዛ ገንዘባችን ዝንብ አስገባን ማለት ነው።

ሰብል_ጥበቃ፦

ሁለተኛውን መጀመሪያ። ደርሷል ተብሎ ያውቃል። በ1981 ካሊፎርኒያ ውስጥ በመካን ስም ከተለቀቁት መካከል ያልመከኑ አሉ ተብሎ ከባድ ንትርክ ነበር። ለዚህም ነው አሁን ከእያንዳንዱ ዙር ናሙና እየወሰዱ እንቁላሉ ይፈለፈል አይፈለፈል የሚያዩት። ሲለቁትም የሚያበራ ዱቄት ቀለም ይቀቡታል። ወጥመድ ውስጥ የገባውን ዝንብ በልዩ መብራት ሲያዩት ቀለም ካለው የፋብሪካ፣ ከሌለው የዱር ነው። ቁጥሩን በዚህ ነው የሚከታተሉት።

አንደኛው። ደሴት ያልሆነም አለ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኬፕ አካባቢ ሄክስ ሪቨር የሚባል የወይን ሸለቆ አለ፣ ተራራ የከበበው፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መካን ይለቀቅበታል። ገበሬዎቹም ከኪሳቸው ያዋጣሉ። እስራኤልና ዮርዳኖስ አረባ በረሃ ላይ ድንበር ሳይለያቸው አብረው ሠርተዋል። ሎስ አንጀለስ ከተማ ላይ ዝንቡ እንዳይገባ ብቻ ከ1996 ጀምሮ በአውሮፕላን ይለቃሉ። ታይላንድ ራቻቡሪ በሚባል ክፍለ ሀገር ማንጎ ላይ ተሠርቶበታል፣ የኛን ማንጎ በሚያበላሸው ዓይነት ዝንብ ላይ።

ግን ሁሉም ቦታ አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፣ ይሄን ሳልል ባልፍ አጭበርባሪ እሆናለሁ። የአንድ ሰው ማሳ ላይ የተለቀቀበት ቦታ የለም። ሸለቆ ሙሉ ነው፣ ወረዳ ሙሉ ነው፣ አውራጃ ሙሉ ነው። መካን ዝንብ ለዳሞት_ማንጎ ብቻ ቢለቀቅ ጎረቤት የጸነሰች ሴት በርራ መጥታ ትወጋለታለች፣ እሷን መካኑ አይከለክላትም፣ ቀድማ ተገናኝታለቻ።

ሌላው፣ ዘዴው የሚሠራው ዝንቡ ጥቂት ሲሆን ነው። መድኃኒት ሲሆን ዝንቡ ቢበዛ የሚሞተውም ይበዛል። መካኑ ተቃራኒ ነው። ዝንቡ ሲበዛ መካኑ ይዋጣል፣ ሲቀንስ ደግሞ ጉልበት ያገኛል። ስለዚህ የትም አገር መጀመሪያ በሌላ መንገድ ቁጥሩን ያወርዱታል፣ መካኑ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ማንጎ ሥር የወደቀ ፍሬ ተቆልሎ እየበሰበሰ፣ ከሱ ሥር በየቀኑ አዲስ ዝንብ እየወጣ መካን ልቀቁልን ማለት ገንዘብ መጣል ነው። ለኔ ነገሩ እዚህ ላይ ነው ያለው። የናንተ ሰፈር ዛሬ ቢመጣለት እንኳ የሚጠቀምበት አይደለም። ይቅርታ፣ በግልጽ ልንገርህ ብዬ ነው።

ዳሞት_ማንጎ፦

ኧረ ተናገር፣ ለዚህ ነው የጠየቅሁት። የወደቀውን በተመለከተ እውነት አለህ። ከዛፉ ሥር ተኝቶ ነው የሚከርመው። ዝናቡ ሲጀምር መሬቱ ራሱ ይሸታል። ማን ያነሳዋል፣ ትል ያለበትን ምን ይሠራሉ ብለን።

ቆጋ_አቮካዶ፦

እኔ ከመራዊ ነኝ፣ ቆጋ መስኖ ላይ። እኛ ወደ አቮካዶ ዞረናል፣ ሃስ የሚባለውን። አቮካዶውን ዝንብ አይነካውም ይሉናል፣ እውነት ነው? ምክንያቱም ወደ ውጭ የሚላክ ስለሆነ አንድ ትል ቢገኝበት ጣጣው ብዙ ነው።

ሰብል_ጥበቃ፦

@ቆጋ_አቮካዶ ሃስ ዛፉ ላይ እያለ፣ ገና ጠንካራ ሳለ ለዝንቡ አይመችም። አንድ ጊዜ ከተቆረጠና ከለሰለሰ ግን ይገባበታል። ስለዚህ የወደቀውን ከተቆረጠው ጋር አትቀላቅሉ፣ ሲቆረጥም መሬት ላይ አታሳድሩት። ጣጣው ብዙ ነው ያልከው ትክክል ነው። ይሄ ዝንብ በ2003 ኬንያ ከታየ በኋላ ደቡብ አፍሪካ በ2007 በሱ ምክንያት የኬንያን አቮካዶ አላስገባም ብላ ነበር፣ በሩ የተከፈተው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አንድ ዝንብ ነው ገበያውን የዘጋው።

ያው ይሄ ዝንብ ነው እኛም ዘንድ ማንጎውን የሚፈጀው። ከእስያ የመጣ ነው። መጀመሪያ አዲስ ዝርያ መስሏቸው በ2005 ሌላ ስም አወጡለት፣ በኋላ ሲመረመር የድሮው የምሥራቁ የፍራፍሬ ዝንብ ሆኖ ተገኘ። ከሱ በፊት የነበረው የሜዲትራኒያኑ ነው። ሁለቱ የሚጠመዱበት ሽታ የተለያየ ስለሆነ መለየቱ ይጠቅማል።

የጣና_ልጅ፦

እኛ ዘጌ ማንጎም ሎሚም አለን፣ ጫካው ውስጥ ደግሞ ቡና ነው። ቡናውንም ይነካዋል እንዴ?

ሰብል_ጥበቃ፦

የሜዲትራኒያኑ የቀላ የቡና ፍሬ በጣም ይወዳል። የሚበላው ልጣጩ ሥር ያለውን ጣፋጭ ሥጋ ስለሆነ ቡናውን ብዙ አይጎዳውም፣ ለዚህ ማንም ልብ አይለውም። ግን እዚያ ተራብቶ ነው ወደ ሎሚውና ወደ ብርቱካኑ የሚወጣው። የጓቴማላም ፈተና ይሄው የቡናው ተራራ ነው። እና ዘጌ ላይ ቡናውን ሳይቆጥሩ ስለ ሎሚ ማውራት አይቻልም። የቀላው ቶሎ ይለቀም፣ ዛፍ ላይ አይክረም።

ተጠራጣሪው፦

እሺ አሁን ተግባባን። መካኑ ለኛ አይደለም። እንግዲህ ምን እናድርግ ነው። ለመድኃኒት ነጋዴ ነው ወይ ገንዘባችንን የምናስረክበው?

ሰብል_ጥበቃ፦

ለኛ አይደለም አላልኩም። ለብቻ አይደለም፣ መጀመሪያም አይደለም ነው ያልኩት።

አሁን በእጃችሁ ያለው የወደቀ ፍሬ ነው። ዋናው እሱ ነው፣ ሌላውን ሁሉ ብትተዉት እሱን አትተዉት። በሁለት ሦስት ቀን አንዴ ይለቀም፣ ትሉ ወደ አፈር ሳይገባ። ወይ ግማሽ ሜትር ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበርና አፈሩ ይደልደል፣ ዳር ላይ አፈር ለበስ ብቻ ማድረግ ዋጋ የለውም፣ ዝንቧ ገፍታ ትወጣለች። ወይ ደግሞ ጥቁር ፌስታል ውስጥ አፉ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ ፀሐይ ላይ ይቀመጥ፣ ሙቀቱ ይጨርሰዋል። ማዳበሪያ ከረጢት አይሆንም፣ ይተነፍሳል። ዛፍ ላይ ተጠቅቶ የተንጠለጠለውም አብሮ ይውረድ።

ወጥመዱ ሁለተኛ ነው። ለማንጎው ዝንብ ወንዱን የሚስብ ሜቲል ዩጂኖል የሚባል ሽታ አለ። ጥጥ ላይ ከማላታይን ጋር ይነከርና ሃይላንድ ውስጥ ይንጠለጠላል፣ ሃይላንዱ ጎኑ ይበሳል። ወንዱ ከሩቅ ይመጣል፣ ይልሳል፣ ይሞታል። ሮታ የምትባል የፓሲፊክ ደሴት ላይ በ1960ዎቹ በዚህ ብቻ ዝንቡን ጨርሰውታል (አዎ፣ ደሴት ነው)። ሜዲትራኒያኑ ግን በዚህ ሽታ አይመጣም፣ የሱ ሌላ ነው።

ሴቷን በተመለከተ፣ እንቁላል ለመሥራት የፕሮቲን ምግብ ያስፈልጋታል። ከእርሾ የሚሠራ ማባበያ ከጥቂት መድኃኒት ጋር ዛፉ ግንድ ወይም ታችኛው ቅጠል ላይ በትንሽ በትንሹ ይረጫል። ዛፉን ሙሉ ማጠብ የለም። ወጪውም ይቀንሳል፣ ንቡም ይተርፋል።

ዳሞት_ማንጎ፦

ሽታው ከበሶብላ ጋር ይመሳሰላል ሲሉ ሰምቻለሁ። በሶብላ ብንተክልስ?

ሰብል_ጥበቃ፦

በሶብላና ዘመዶቹ ውስጥ ያ ቅመም አለ፣ እውነት ነው። ግን የተጣራው እጅግ ያይላል። በሶብላውን ለወጥ አስቀሩት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ወደፊት መካን ወንድ የሚለቀቅበት ቀን ቢመጣ ይሄ ወጥመድ መካኑንም ይይዘዋል፣ ወንድ አይደል። ስለዚህ አስቀድመው ለመካኑ ሽታውን ያበሉታል፣ አንዴ ከጠገበው በኋላ ወጥመዱን ብዙ አይፈልገውም፣ ሴቷ ዘንድም የበለጠ ይወደዳል። ይሄን የምነግራችሁ ተራ በተራ እንጂ ሁሉን በአንድ ቀን አይደለም ለማለት ነው።

ቆላ_ወምበርማ፦

ታዲያ ይሄ የደቦ ሥራ ነው ጓዴ። ለአጨዳ ደቦ እንጠራለን፣ ለአረም ወንፈል እንገባለን፣ ለማንጎ ለቀማ ምን ያቅተናል? አንዱ ለቅሞ አንዱ ካልለቀመ የለቀመው ለፋ እንጂ ምንም አላገኘም። ቀበሌው ውስጥ ስንት ማንጎ ያለው ሰው አለ? ተቆጥረው ይታወቃሉ እኮ።

ዳሞት_ማንጎ፦

ይታወቃሉ። ሁሉንም በስም አውቃቸዋለሁ። ቡሬ በኩል ያሉትንም ዘመድ አለኝ። ልማት ሠራተኛዋ ጎበዝ ናት፣ እሷ ብትጠራ ሰው ይመጣል። ያስቸገረኝ አንድ ቦታ ነው። አጥሩ የፈረሰ ትልቅ ግቢ አለ፣ ውስጡ ያረጀ ማንጎና ዘይቱን ጫካ ሆኗል፣ ባለቤቱ አዲስ አበባ ነው፣ ለቃሚም ጠባቂም የለበትም። ዝንቡ ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጣው ማለት እችላለሁ።

ተጠራጣሪው፦

እሱን ቦታ ካልፈታችሁ ደቦው ከንቱ ነው። ሰብል ጥበቃዋ ራሷ የነገረችን ይሄን አይደል።

ሰብል_ጥበቃ፦

ተጠራጣሪው የተማረ ብቸኛው ሰው ነው እዚህ ክር ላይ። አዎ። ዘይቱን ደግሞ በጣም ይጠቃል፣ ማንጎ ባለቀ ጊዜም ዝንቡን አቆይቶ ለሚቀጥለው ያሸጋግረዋል። እንዲህ ያለ የተተወ ግቢ የትም ቢሆን ራስ ምታት ነው። መካን መልቀቅ የጀመሩ አገሮች እንኳ ተኝተው አያድሩም። ያ የከብት ትል ፓናማ ላይ ለዓመታት ታግዶ ቆይቶ በ2023 አጥሩን ጥሶ ወጣ፣ 2024 ላይ ሜክሲኮ ደረሰ። አንድ ጊዜ አጥፍተነዋል ብሎ ነገር የለም።

እትዬ_ቡሬ፦

እኔ ሻጭ ነኝ፣ የገበያውን ልንገራችሁ። ማንጎውን ሳይበስል፣ ጥሬነቱ ሳይለቅ ሞላ ሲል ቁረጡት። ዛፍ ላይ ቢጫ እስኪሆን የምትጠብቁት ለዝንቧ ነው የምታበስሉላት። እኔ ቤቴ አበስለዋለሁ። ያለ ትል ከመጣልኝ የተሻለ ዋጋ እሰጣለሁ፣ በአደባባይ ነው የምናገረው።

ዳሞት_ማንጎ፦

እትዬ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን ለሰፈሩ አነበዋለሁ። እንግዲህ ለቀማውን በሳምንት ሁለት ቀን እናድርገው ብለን ልንነጋገር ነው። ግን በኛ ሰፈር የወሩ ግማሽ በዓል ነው። በበዓል ማረስ አይቻልም፣ የወደቀ ማንጎ መልቀም ይቻላል ወይ?

ቆላ_ወምበርማ፦

መልቀሙ ሳይሆን መቆፈሩ ነው የሚያጣላህ። ጉድጓዱን በሥራ ቀን ቆፍራችሁ አቆዩት። ከቄሱም ጋር ተነጋገሩ፣ እሳቸውም ማንጎ አላቸው አይደል?

ዳሞት_ማንጎ፦

አላቸው፣ ለዚያውም ከሁላችን የበለጠ።

አዲስ_ላይ_ያለ_ጎጃሜ፦

ቆይ ቆይ። ያ አጥሩ የፈረሰ ግቢ ከወንዙ ወዲህ፣ ከድሮው ወፍጮ ቤት ከፍ ብሎ ያለው ነው? እሱ ከሆነ የአጎቴ ሳይሆን አይቀርም። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ።